ሞተር ዝም ሲል ጤነኛ ነው ማለት አይደለም

እንደሚታወቀው በአምቦና በዙሪያዋ ባሉት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ሞተር ሳይክል የጌጥ ዕቃ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ ከሚወስደው አስፋልት ወጣ ካልን ወዲያ ሰው ሲታመም፣ ምርጥ ዘር ሲፈለግ፣ ለቅሶ ሲደረስ ቀድሞ የሚነሳው ሞተር ነው። ስለዚህ "ሞተር ሲሞቅ ስለሚያሰማው ድምፅ" ብዬ ስጽፍ ለአንዳንድ አንባቢ ተራ ነገር ቢመስለውም አይፈረድበትም። እኔ ግን የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ያለበት ጉዳይ ነው እላለሁ። ለምን እንደምል ከራሴ ቤት ልጀምር።

ታላቅ ወንድሜ እቁብ ደርሶት አንድ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዛ። ሥራው ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚያወጣው መንገድ ላይ ወዳሉት የገጠር ቀበሌዎች ሰውና ዕቃ ማመላለስ ነው። እቁቡ ገና ስላላለቀ በየሳምንቱ ይጥላል፤ የሚጥለውም ከዚሁ ከሞተሩ ገቢ ነው። አንድ ቀን ማታ ቤት ገብቶ፣ "ሞተሬ ጠዋት ደህና ነው፤ ዳገት ወጥቶ ሲሞቅ ግን ጠቅ ጠቅ ይላል። አንተ ተማሪው፣ ምን ይሆን?" አለኝ። እኔም፣ "መካኒክ ይየው እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ" ብዬ ወደ ንባቤ ተመለስኩ።

በማግስቱ ከከተማው ጋራዦች ወደ አንዱ ወሰደው። መካኒኩ ሞተሩ እንደጋለ የቴስታታውን ትንንሽ ክዳኖች ፈታ፣ የቫልቩን ብሎን ጠበቅ ጠበቅ አደረገና ዘጋው። ጠቅታው ጠፋ። ወንድሜ ከፍሎ ተደስቶ መጣ። "ዝም አሰኘው እኮ!" እያለ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሞተሩ ሲግል አልነሳ ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ዳገት ላይ ጉልበቱ አነሰ። በመጨረሻ ሁለት ሰው እንደጫነ መንገድ ላይ ቆመ። ሞተሩ ወርዶ ሲከፈት የጭስ ማውጫው ቫልቭ ጠርዙ ተቃጥሎ እንደተነከሰ ቂጣ ተቦድሷል። የጥገናው ወጪ አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩ በቆመበት ጊዜ ሁሉ ግን እቁቡ አልቆመም። እናታችን ጊደር ሸጣ ነው የከፈለችለት።

እኔስ? እኔ በዚያው ሴሚስተር የኢንተርናል ኮምበስሽን ኢንጅን ኮርስ ላይ "ኤ" አግኝቻለሁ። የቫልቭ ክፍተት ለምን እንደሚያስፈልግ ፈተና ላይ አምስት መስመር ጽፌ ሙሉ ማርክ ተሰጥቶኛል። ወንድሜ የጠየቀኝ ጥያቄ መልሱ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ ጆሮዬ ውስጥ ግን አልነበረም። ይህ ነገር እስካሁን ያሳፍረኛል፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

የኔ አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው። እኛ ለሞተር ድምፅ ያለን አመለካከት የተሳሳተ ነው። ገንዘብ የምንከፍለው ድምፁ እንዲጠፋልን እንጂ ምን እያለ እንደሆነ እንዲነገረን አይደለም። ትኩሳትን ማውረድ በሽታን ማዳን እንዳልሆነ ሁሉ ሞተርንም ዝም ማሰኘት መጠገን አይደለም። ይህን መለየት ደግሞ ከመካኒኮች ይልቅ የኛ የተማሪዎችና የመምህራን ኃላፊነት ነው።

መጀመሪያ ሞተር እዚህ አገር ለምን እንዲህ ይግላል? በከተማችን ከሚሄዱት ሞተር ሳይክሎች አብዛኞቹ ነጠላ ሲሊንደር ያላቸውና በንፋስ የሚቀዘቅዙ ናቸው። ራዲያተር የላቸውም። ከቤንዚኑ ጉልበት ወደ ጎማው የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በማርሚታው ይወጣል፣ ወይም በሲሊንደሩና በቴስታታው ዙሪያ ባሉት ክንፎች በኩል ለንፋስ ይሰጣል። ንፋሱ የሚመጣው ሞተሩ ሲሄድ ነው። እንግዲህ ቀስ ብሎ እየሄደ ብዙ ጉልበት እንዲያወጣ ከተገደደ፣ ሙቀቱ ይበዛል፣ ንፋሱ ያንሳል። ይህ ማለት ሦስት ሰው ይዞ በሁለተኛ ማርሽ ዳገት መውጣት ማለት ነው።

ከአምቦ ወደ ወንጪ የሚወጣውን መንገድ አስቡት። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የወንጪ ተራራ አናት ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። ወደ ሐይቁ የሚሄድ ሞተር በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከአንድ ሺህ ሜትር ያላነሰ ከፍታ ይወጣል ማለት ነው። ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። አምቦ ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው 78 በመቶ ያህል ነው፤ 3,000 ሜትር ላይ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። የሳሳ አየር ለሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት ትንሽ ነው፤ ሙቀት ተሸክሞ የመውሰድ አቅሙም ትንሽ ነው። "ወንጪ ብርድ ነው፣ ሞተር አያግልም" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ብርዱ ይረዳል፤ የአየሩ መሳሳትና ዳገቱ ግን የሰጠውን መልሰው ይወስዱታል።

በክረምት ደግሞ ጭቃው አለ። ከግንጪ ወጣ ያለውን መረሬ አፈር የማያውቅ የለም። በሞተሩ ክንፎች መካከል ገብቶ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ነው። ሰው ጎማውንና መቀመጫውን አጥቦ ሲጨርስ እዚያ ክንፎች መካከል ያለው ጭቃ እንዳለ ይቀራል። ያ ሞተር በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሚሮጥ ሰው ማለት ነው።

የካርቡራተሩም ነገር አለ። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር አምቦ ላይ ሲመጣ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ባለሞተሩ ቤንዚን በላብኝ ብሎ ያስቀንሳል። ያው ሞተር ከአምቦ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ወደሚለው ወደ ባኮ ሲወርድ አየሩ ስለሚወፍር አሁን ደግሞ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፤ ያውም በሞቃት አገር። አንዱ ቦታ ላይ የተወሰደ ማስታገሻ ሌላው ቦታ ላይ በሽታ የሚሆነው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ድምፆቹ ልግባ። መካኒክ ያልሆነ ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ቢይዝ ይበቃዋል፤ ድምፁ ሞተሩ ሲሞቅ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ለምን ቢባል ሙቀት ሁለት ነገር ያደርጋል። ብረቱን ያሳብጣል፣ ዘይቱን ያቀጥናል። ፒስተን የሚሠራበት አሉሚኒየም ሲሞቅ የሚለጠጠው የተራ ብረትን ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ጠዋት በብርድ ፒስተን ሲሊንደሩ ውስጥ ላላ ብሎ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ሲሞቅ ቦታውን ሞልቶ ይጠፋል። ይህ እርጅና ነው እንጂ አደጋ አይደለም። ዘይትስ? 20ደብሊው50 የሚባለው ብዙ ሞተር የሚጠቀምበት ዘይት በ40 ዲግሪ ሙቀት ላይ ውፍረቱ ከ150 ሴንቲስቶክ በላይ ነው፤ በ100 ዲግሪ ላይ ግን ከ16.3 እስከ 21.9 ባለው መካከል መሆን አለበት ይላል ደረጃው። ማለትም አዲሱና ትክክለኛው ዘይት እንኳ ሲሞቅ ከሰባት እጥፍ በላይ ይቀጥናል። ያረጀውን፣ ቤንዚን የተቀላቀለበትን፣ ወይም ከየት እንደተቀዳ የማይታወቀውን አስቡት። ብርድ ላይ በወፍራም ዘይት ተሸፍኖ የነበረ ልልነት ሲሞቅ ራቁቱን ይወጣል። ሲሞቅ እየጨመረ የሚሄድ ወፍራም ድምፅ የሚያስፈራው ለዚህ ነው።

ከማያስፈራው እንጀምር። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሚሰማው ጢቅ፣ ጢቅ የሚል ቀጭን ድምፅ ማርሚታውና ክንፎቹ እየቀዘቀዙ ሲኮማተሩ የሚሰማ ነው። ጣሪያችን ላይ ያለው ቆርቆሮ ፀሐይ ስትገባ እንደሚለው ማለት ነው። ጉዳት የለውም። ጉዳት ያለው ድምፁን ፈርቶ ውሃ መድፋት ነው። ከዳገት ወርዶ በቀጥታ ሁሉቃ ወንዝ ዳር ቆሞ የጋለ ሞተር ላይ ውሃ የሚያፈስ ሰው አይቻለሁ። በአንድ ጊዜ የቀዘቀዘ ብረት ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ሻይ ጠጥቶ መመለስ ይሻላል፤ ሞተሩ እስከዚያ ይበርዳል።

ሁለተኛው ከላይ ከቴስታታው የሚመጣው የቫልቭ ጠቅታ ነው። ወንድሜን ያስፈራው ይኸኛው ነው። በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ሆን ተብሎ የሚተው ክፍተት አለ። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ይህ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ጋር የሚቀራረብ ነው። ክፍተቱ የተተወው ቫልቩ ሲሞቅ ስለሚረዝም ነው። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ሥራ ላይ ከ700 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ይህን ሁሉ ሙቀት የሚያራግፈው በአብዛኛው መቀመጫው ላይ ተዘግቶ በሚያርፍባት ቅጽበት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፈትና ይዘጋል፤ የሚያርፍባት ጊዜ ምን ያህል አጭር እንደሆነች ከዚህ ማየት ይቻላል።

ታዲያ ክፍተቱን በጋለ ሞተር ላይ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ብናጠበው ምን ይሆናል? ቫልቩ ወንጪ ዳገት ላይ የበለጠ ሲግል የበለጠ ይረዝማል፤ የሚረዝምበት ቦታ ግን አጥቷል። ስለዚህ አፉ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ካልተዘጋ ሙቀቱን አያራግፍም፤ በዚያች ጠባብ ቀዳዳም እሳት እየሾለከ ጠርዙን ይበላዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ድምፅ የለም። ልብ በሉ፤ ጠቅ የሚለው ቫልቭ ቢያንስ ክፍተት እንዳለው እየነገረን ነው። ዝም ያለው ግን ወይ በልክ የተስተካከለ ነው፣ ወይ እየተቃጠለ ነው። ከውጭ ሆኖ የትኛው እንደሆነ በጆሮ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ሞተሩን ማሳደርና ጠዋት በብርዱ በፊለር ጌጅ መለካት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ሁሉንም ሞተር በአንድ ሚዛን መመዘን እንደሌለብን መናገር አለብኝ። ካምሻፍቱ ታች ሆኖ በረጃጅም ዘንጎች ቫልቩን የሚገፉ ሞተሮች አሉ፤ ብዙ የቻይና ሞተሮች የተቀዱበት የሆንዳ ሲጂ 125 ዓይነት ማለቴ ነው። እነዚህ ላይ የአሉሚኒየሙ ሲሊንደር ከብረቱ ዘንግ በላይ ስለሚለጠጥ ሲሞቁ ጠቅታው ትንሽ ከፍ ቢል አይደንቅም። ስለዚህ ከድምፁ በፊት የማን ድምፅ እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል።

ሦስተኛው ከጉደር ወደ ጌዶ የሚወጣውን ዳገት ስትወጡ፣ ሞተሩ ግሎ፣ ጋዝ ሙሉ ተከፍቶ ሳለ የሚሰማው ቅጭል ቅጭል የሚል ድምፅ ነው። ጠጠር በጣሳ ውስጥ እንደሚናወጥ ያለ ነው። የቤንዚኑና የአየሩ ቅልቅል ካንዴላው ከለኮሰው እሳት ሳይጠብቅ በግፊትና በሙቀት ብዛት በራሱ ሲፈነዳ የሚሰማ ነው። ፒስተኑን በመዶሻ መምታት ማለት ነው። በአንድ በኩል ከፍታችን ይረዳናል፤ አየሩ የሳሳ ስለሆነ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ስለሚል ይህ ድምፅ ባሕር ዳርቻ ካለው አገር ያነሰ መሆን ነበረበት። ታዲያ ለምን እንሰማዋለን? አንዱ ምክንያት ነዳጅ ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ነው። ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ኦክቴኑ በጣም ስለሚወርድ ቶሎ በራሱ ይፈነዳል። ሌላው የአነዳድ ጉዳይ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ የሚገፋ ሰው ያተረፈውን ቤንዚን በፒስተን ይከፍለዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጋዝ መቀነስ፣ ማርሽ ማውረድ፣ ሦስተኛውን ሰው ማስወረድ። የመጨረሻው ለአንዳንዱ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

አራተኛው ከታች፣ ከሆድ የሚመጣ ዱግ ዱግ የሚል ወፍራም ድምፅ ነው። ጠዋት አይሰማም ወይም ትንሽ ነው፤ ዘይቱ ሲቀጥን ይጎላል። የቢዬላው ኩሽኔታ እየሄደ ነው ማለት ነው። ይህን ድምፅ ይዞ "ሳምንት ብቻ ልሥራበት" ማለት ዕዳ ማባዛት ነው። የመጨረሻው ድምፅ ደግሞ ሲጥ የሚል ጩኸት ሆኖ ጋዝ ቢከፍቱትም ጉልበት ሲጠፋ ነው። ፒስተኑ ሲሊንደሩን ሊነክስ ነው። በዚያች ቅጽበት እጅ ወደ ፍሪሲዮን ካልሄደ የኋላ ጎማ ተቆልፎ ሰው ይጥላል። ይኼ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም፤ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሞተር መንዳት ለሚማር ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን መነገር ያለበት ይመስለኛል።

እንግዲህ ወደ ክርክሬ ልመለስ። ይህን ያነበበ ሰው "ጥፋቱ የመካኒኩ ነው" ሊል ይችላል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ለብዙ ቅዳሜ ጋራዥ በር ላይ ተቀምጬ ተመለከትኩ። ያየሁት ይህ ነው። ባለሞተሩ ይመጣል፤ ሞተሩ ግሏል፤ ሰው እየጠበቀው ነው። "ድምፁን አጥፋልኝ" ይላል። መካኒኩ "አሳድረውና ጠዋት ቀዝቅዞ ልለካው" ቢለው ባለሞተሩ የሚሄደው ወደ ሚቀጥለው ጋራዥ ነው። አንድ የዕድሜ ባለጸጋ መካኒክ እንዲህ አሉኝ፤ "አየህ የኔ ልጅ፣ እኔ ልክ የሆነውን ብሠራ ጠቅ እያለ ይሄዳል፤ ደንበኛው ደግሞ አልሠራህልኝም ይላል። ዝም ካሰኘሁት ግን አመስግኖ ይከፍላል። የሚቃጠለው ከወር በኋላ ነው፤ ያኔ ማን ያስታውሰዋል?" እውነታቸውን ነው። ገበያው የሚሸልመው ዝምታን ነው። እኛ ደንበኞቹ ነን ዝምታን ውድ ያደረግነው።

ከዚህም ሌላ መካኒኩ ፊለር ጌጅ ላይኖረው ይችላል። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ቢኖርም በእንግሊዝኛ ነው። ልምዱ ደግሞ ከሌላ ዘመን የመጣ ሊሆን ይችላል። በየወረዳው ለግብርና ሠራተኞች ይሰጡ የነበሩት እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉት ሞተሮች ባለሁለት ምት ነበሩ። እነሱ ላይ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል፤ ሲጎድል መጨመር ብቻ ነው። የዛሬዎቹ ባለአራት ምት ግን ከአንድ ሊትር ብዙም ያልበለጠ ዘይት ይዘው እሱኑ እያዞሩ ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን ሁሉ ያለሰልሱበታል። እዚህ ላይ "ጎደለ፣ ጨምር" ማለት አይበቃም፤ አሮጌው ወጥቶ አዲስ መግባት አለበት። የመኪና ዘይት ሁሉም አይሆንም፤ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ስለሆነ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ያለበትን መፈለግ ይሻላል። "ጨምርበት" የሚለው ልማድ ከድሮዎቹ ሞተሮች የተረፈን ይመስለኛል። ይህን ማን ሊያስረዳ ይገባው ነበር? በኔ አስተያየት እኛ ነን።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወርክሾፓችን ለባለሞተሮች ይከፈት። ሞተሩ ዓርብ ማታ ገብቶ ይደር። ጠዋት ተማሪው በመምህር ፊት የቫልቩን ክፍተት ይለካ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ለባለቤቱ ይስጥ። ባለቤቱ ወረቀቱን ይዞ ወደፈለገው ጋራዥ ይሂድ። የጋራዦችን እንጀራ አንነካም፤ እንዲያውም መካኒኩ ልክ የሆነውን ሠርቶ ጠቅ የሚል ሞተር ሲመልስ የሚደግፈው ወረቀት ያገኛል። የሚያስፈልገን ዕቃ ደግሞ ውድ አይደለም፤ ጥቂት ፊለር ጌጅ፣ ቁልፎችና ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፣ እነዚህን ድምፆች የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተዘጋጅቶ በየጋራዡና በየቤንዚን ማደያው ይለጠፍ። የአምቦ ባለሞተር ሞተሩ ሲታመም የሚያስረዳው በአፋን ኦሮሞ ነው። "ሰገሌ" ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ድምፅ ማለት ነው። የሚለውን እኛ በእንግሊዝኛ ስላጠናነው ብቻ ሳንገናኝ መቅረት የለብንም።

ሦስተኛ፣ የጆሮ ፈተና ይኑር። ቀልድ አይደለም። ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ቴስታታው ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ አድርጎ ድምፅ የመለየት ጥበብ የከተማችን መካኒኮች በየቀኑ የሚሠሩበት ነው፤ ሐኪም በማዳመጫው እንደሚያደርገው ማለት ነው። እነዚህን ሰዎች በአበል ጋብዘን ያስተምሩን። እኛ ለምን እንደሚሆን እናውቃለን፤ እነሱ የት እንደሆነ ያውቃሉ። ሁለቱ ካልተገናኙ የኔ ዓይነት "ኤ" ለማንም አይጠቅምም።

አንዳንድ ጓደኞቼ "ኤሌክትሪክ እየመጣ አይደል፣ ለሚቀር ነገር ምን አደከመህ?" ይሉኛል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ክርክሩ በዝቷል። እኔ ኤሌክትሪኩን አልጠላም። ነገር ግን ዛሬ ጀልዱ ጭቃ ውስጥ ያለው ሞተር ነገ በኤሌክትሪክ አይተካም። አዲስ መግዛት የማይቻል ከሆነ ደግሞ ያለውን ማቆየት ነው የሚቻለው፤ ድሮ አምስት ዓመት ያገለግል የነበረው አሁን አሥር ዓመት እንዲያገለግል ይፈለግበታል። ያረጀ ሞተር ደግሞ ብዙ ያወራል። አዳማጭ የሚያስፈልገው አሁን ነው።

ወንድሜ ሞተሩ ተጠግኖለት ሥራ ጀምሯል። ባለፈው ሰንበት ቤት ስሄድ ጠዋት ማለዳ፣ ሳይነሳ፣ እኔው ራሴ በተዋስኩት ፊለር ጌጅ ክፍተቱን ለክቼ አስተካከልኩለት። ሲያስነሳው ቀስ ብሎ ጠቅ ጠቅ ይላል። ፊቱን ቅጭም አድርጎ፣ "ይኼው ድምፁ አለ እኮ" አለኝ። "አዎ አለ፤ ይኑር" አልኩት። ብዙ አላሳመንኩትም መሰለኝ፤ ግን ወንጪ ደርሶ ተመልሷል። እናታችንም ሌላ ጊደር አልሸጠችም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? የዲፓርትመንታችን መምህራንና ተማሪዎች በሚቀጥለው እትም ሐሳባችሁን ብትሰጡበት ደስ ይለኛል። ወርክሾፑ ግን እስከዚያ ባይጠብቅ እመርጣለሁ፤ ክረምቱ እየመጣ ነው፣ መረሬውም አለ።

ቸር እንሰንብት።